የትንሽ አገር ጦር ዜና እንዴት ይሠራል? ጋምቢያን ይዘን

የውጭ ዜና ክፍል ለሚመደቡ ጀማሪዎች መጀመሪያ የማሠራቸው ጋምቢያን ነው። ሁሉም ቶሎ ብለው የወታደሩን ብዛት ይፈልጋሉ። ተዉት እላቸዋለሁ። ጥቂት ሺህ ነው፤ ከዚያ የምታገኙት ነገር የለም።

ካርታ ክፈቱ። ጋምቢያ የወንዟን ግራና ቀኝ ይዛ የተዘረጋች ቀጭን አገር ናት። ከባሕሩ በስተቀር ዙሪያዋ ሴኔጋል ነው። በዋና ከተማዋ በባንጁል ተኩስ ተሰማ ከተባለ የሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር ምን እንዳለች አጣሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 ነጻ ስትወጣ ጦር አልነበራትም፤ የታጠቀ የፖሊስ ኃይል ብቻ ነበራት። በ1981 ፕሬዚዳንት ዳውዳ ጃዋራ ለልዑል ቻርልስ ሠርግ ለንደን ሄደው ሳለ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ያከሸፈው የሴኔጋል ጦር ነው። መደበኛ ጦር የተቋቋመው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከዚያ የወታደሩን ኪስና ክብር ጠይቁ። እዚህ ላይ በደንብ ቆዩ። ላይቤሪያ ዘምተው የተመለሱ የጋምቢያ ወታደሮች አበላችን አልተከፈለንም ብለው አደባባይ ወጡ። ቆይቶ ደግሞ ከናይጄሪያ የመጡ መኮንኖች አዛዥ ሆኑባቸው። በሐምሌ 1994 ከጉዞ የሚመለሱትን ጃዋራን ሊቀበሉ አውሮፕላን ማረፊያ የሄዱ ወታደሮች መሣሪያችሁን አስረክቡ ተባሉ። በማግስቱ መንግሥት ተገለበጠ! ጃዋራ ወደቡ ላይ ቆሞ የነበረ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተሳፈሩ። ሥልጣኑን የያዘው ያህያ ጃሜህ ያኔ የ29 ዓመት መቶ አለቃ ነበር። 22 ዓመት ገዛ። አንድ አበል፣ አንድ ውርደት ስንት ነገር እንደሚያመጣ አያችሁ? እነዚህን ትንንሽ ዜናዎች ስታገኙ አትጣሉ፤ መዝግቡ።

ቤተ መንግሥቱን የሚጠብቀው የትኛው ክፍል እንደሆነም ለይታችሁ ጻፉ። «ጦሩ» ብላችሁ አትለፉ። በታኅሣሥ 2014 ከውጭ የገቡ ታጣቂዎች ቤተ መንግሥቱን ሲያጠቁ የመለሷቸው እዚያው የነበሩት ጠባቂዎች ናቸው።

የጄኔራል ቃል ስትጠቅሱ በጣም ተጠንቀቁ። በታኅሣሥ 2016 ምርጫውን አዳማ ባሮው ሲያሸንፉ ኤታማዦር ሹሙ ኡስማን ባጂ ድጋፋቸውን ለእሳቸው ሰጡ። ጃሜህ ውጤቱን አልቀበልም ሲል ተመልሰው ከጃሜህ ጎን ቆሙ። በጥር 2017 የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር የኢኮዋስ ጦር ድንበር ላይ ሲደርስ ወታደሮቼን ለዚህ አላዋጋም አሉ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማለት ነው። ስለዚህ ከጥቅሱ ጎን ቀኑንም ሰዓቱንም አስገቡ።