«ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ኢንተርኔት ግን የለም»፦ የዲኤችሲፒ ችግርና መፍትሄ

ጎንደር ውስጥ ዋይፋይ እምቢ ሲል የመጀመሪያው ተወቃሽ መስመሩ ነው። «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ይባልና ይታለፋል። ብዙ ጊዜ ግን መስመሩ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ራውተሩ ውስጥ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) የሚያድለው አገልግሎት፣ ዲኤችሲፒ፣ ላይ ነው። ከፋብሪካ ተሞልቶ የሚመጣው ለአንድ ቤተሰብ በሚበቃ ልክ ነው፤ ፔንሲዮንና ካፌ ውስጥ ግን እንዳለ ይተከላል። ሴቲንጎቹ «አድቫንስድ» የሚለው ስር ስለተደበቁ የሚነካቸው የለም።

ራውተሩን አጥፍታችሁ ከማብራታችሁ በፊት ያስቸገረው ስልክ ወይም ላፕቶፕ ምን አይፒ እንደያዘ እዩ። መንገዱን የሚያሳያችሁ ያ ቁጥር ነው።

ምልክት፦ ጠዋት ይሰራል፣ ከሰዓት አዲስ ሰው አይገባም

ቀድመው የገቡት ያለችግር ይጠቀማሉ። አዲስ የመጣው ስልክ አይፒ አድራሻ እየፈለገ ይቆማል። ዊንዶውስ ያለበት ላፕቶፕ ከሆነ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይይዛል። ይህን ቁጥር ራውተሩ አልሰጠውም። የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው።

ምክንያቱ አድራሻ ማለቁ ነው። ከ192.168.1.100 እስከ 199 ብቻ የሚያድል ራውተር ሞልቷል፤ 100 አድራሻ ማለት ነው። የሚሰጠው ደግሞ በውሰት ነው። የውሰቱ ጊዜ ሊዝ ታይም ይባላል፤ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ሆኖ ይመጣል። ስልኮች ሲወጡ አድራሻውን መልሰው አይሄዱም። ፒያሳ ካፌ ገብቶ ጠዋት ማኪያቶ የጠጣ ሰው አድራሻውን እስከ ነገ ጠዋት ይዞት ይውላል። ቤቱ ውስጥ 15 ሰው ብቻ ተቀምጦ 101ኛው ስልክ ይመለሳል። የከተራና የጥምቀት ሰሞንማ ተዉት፣ ረፋዱ ላይ ያልቃል።

አንድ የማይታሰብ ነገርም አለ። ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአይኦኤስ 14 (2020) ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋይ ስሙ የተለየ ማክ አድራሻ (ራውተሩ ዕቃውን የሚለይበት መታወቂያ ቁጥር) ያወጣሉ። ስለዚህ «ምድር»፣ «አንደኛ ፎቅ»፣ «ሁለተኛ ፎቅ» ብሎ ዋይፋዩን በየፎቁ የሰየመ ፔንሲዮን አንዱን እንግዳ እንደ ሦስት ሰው ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ይህን አሰያየም ፈጽሞ አልወደውም።

መፍትሄ፦ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብላችሁ ግቡና የዲኤችሲፒውን ገጽ ክፈቱ። ሊዝ ታይሙን ለካፌ 1 ወይም 2 ሰዓት፣ ለፔንሲዮን 4 ሰዓት አድርጉት። እንግዳው ይቋረጥበታል ብላችሁ አትስጉ፤ ስልኩ እዚያው እስካለ ድረስ ግማሹ ጊዜ ሲያልፍ ራሱ ያሳድሰዋል። መለኪያውን ግን ልብ በሉ። አንዳንዱ በደቂቃ፣ አንዳንዱ በሰከንድ ነው የሚጠይቀው። ሰከንድ የሚል ቦታ ላይ 120 ከጻፋችሁ ስልኩ ሁሉ በየደቂቃው ራውተሩን ይነዘንዛል። 2 ሰዓት በሰከንድ 7200 ነው።

ከዚያ የሚያድለውን የቁጥር ክልል ከ192.168.1.20 እስከ 250 አስፉት፤ 231 አድራሻ ይሆናል። ይህም ካልበቃ ሰብኔት ማስኩን (የኔትወርኩን ስፋት የሚወስነውን ቁጥር) 255.255.254.0 ማድረግ እስከ 510 ያደርሳል። ለየፎቁ ያላችሁትን ስምም አንድ አድርጉት።

ምልክት፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉ ነገር ይደበላለቃል

የሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር «አይፒ ኮንፍሊክት» (አንድ ቁጥር ለሁለት ተይዟል) ይላል። ወይም ፕሪንተሩ በርቶ እያለ ደረሰኝ አያወጣም። ብዙ ትንንሽ ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የሚያስታውሱት እስካልጠፉ ድረስ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩና ስዊቹ (ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሳጥን) በዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በሚያቆየው ባትሪ፣ ሳይጠፉ ከቆዩ የቀድሞ ቁጥራቸውን እንደያዙ ናቸው። ራውተሩ ግን ረስቶ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ይሰጣል። ፕሪንተሩም ሲነሳ አዲስ ቁጥር ይደርሰዋል፤ ኮምፒውተሩ ወደ ድሮው ይልካል።

መፍትሄ፦ ለፕሪንተሩና ለካሜራዎቹ ቋሚ ቁጥር አስይዙላቸው። «አድሬስ ሪዘርቬሽን» የሚለው ቦታ ነው፤ የሚጠይቀው ማክ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጀርባ ስቲከር ላይ አለ። ፕሪንተሩ ላይ በእጅ ከሞላችሁ ግን ቁጥሩ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ራውተሩ አድራሻ ከመስጠቱ በፊት ፒንግ አድርጎ፣ ማለትም ቁጥሩን ጠርቶ የሚመልስ እንዳለ፣ የሚያጣራበት ምርጫ ካለ አብሩት። አድራሻ የሚያድለው ዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ የማጣሪያው ብዛት 0 ሆኖ ነው የሚመጣው፤ 1 ወይም 2 ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር መጠበቅን ከማርዘም በቀር የሚፈይደው የለም። ራውተሩንም ከዩፒኤሱ ጋር አያይዙት።

ምልክት፦ ለግማሹ ይሰራል፣ ለግማሹ አይሰራም

የማይሰራለት ሰው ቁጥር ከሌሎቹ የተለየ ነው። የሌሎቹ 192.168.1 ብሎ ሲጀምር የእሱ 192.168.0 ይላል። አንድ ሰው ዋይፋዩ ጓዳ ድረስ እንዲደርስ ብሎ አሮጌ ራውተር በላን (የውስጥ ኬብል) ቀዳዳው ሰክቷል፤ እሱም በበኩሉ አድራሻ እያደለ ነው። ከእሱ የወሰደ ስልክ ኢንተርኔት የሚፈልገው ከእሱ ነው፣ እሱ ጋ ግን የለም። የተቸገረው ስልክ ላይ «ጌትዌይ» የሚለውን ቁጥር (ስልኩ ወደ ኢንተርኔት መውጫዬ ብሎ የያዘውን ራውተር አድራሻ) አንብቡና እዚያው ስልክ ብሮውዘር ላይ ጻፉት። የአሮጌው ራውተር መግቢያ ይመጣል። ዲኤችሲፒውን አጥፉ፤ ለራሱም 192.168.1.5ን የመሰለ፣ ማንም ያልያዘው ቁጥር ስጡት። ፓስዎርዱን የሚያውቅ ከጠፋ ከስዊቹ ላይ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ ያ መግቢያ ገጽ አልከፈት ያለበት ኬብል የእሱ ነው።