ለድግስ ቀሚስ የድሮ ፓተርን እንዴት ይመረጣል?

የ1950ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) የአሜሪካ ቀሚስ መልኩ ልዩ ነው። ወገቡ ጠበብ፣ ታቹ ሰፋ ይላል። ለሰርግ ወይም ለምረቃ እሱን ልስፋ ካላችሁ የዚያን ዘመን ፓተርኖች፣ ማለትም ጨርቅ የሚቆረጥባቸው የወረቀት ልኮች፣ ዛሬም ይሸጣሉ። ሲምፕሊሲቲ፣ ማኮልስ፣ በትሪክና ቮግ የሚባሉት የፓተርን አሳታሚዎች ስም የታተመባቸውን ፖስታዎች በአሮጌ ዕቃ መሸጫዎችና በኢንተርኔት ታገኛላችሁ። ማግኘቱ ቀላል ነው፤ የሚከብደው መምረጡ ነው።

መጀመሪያ ሜትር አምጡና ተለኩ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከዚያም ከማጅራት ሥር እስከ ወገብ ያለውን የጀርባ ርዝመት ያዙ። ስትለኩ ለድግሱ የምትለብሱትን የውስጥ ልብስ ልበሱ። የዚያን ጊዜ ሴቶች ከቀሚሱ ሥር ወገብ ጨምቆ የሚይዝ ልብስ ያደርጉ ነበር፤ ቀሚሱ ያን ያህል የሚጠበው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ፖስታው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እርሱት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። ከሱቅ የምገዛው ልብስ 12 ቁጥር ስለሆነ 12 የሚል የድሮ ፓተርን ገዛሁ። ብዙ ማታ አምሽቼ ሰፍቼ ስለካው ጎኑ ላይ ያለው ዚፕ ግማሽ ላይ ቆመ፤ ወይ ፍንክች! ፖስታው ግን «ደረት 32 ኢንች» ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ 81 ሴንቲሜትር ማለት ነው። አላነበብኩትም።

ቁጥሮቹ በየዘመኑ ተቀያይረዋል። 14 ቁጥር በ1940ዎቹ ለ32 ኢንች ደረት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 34 ሆነ፤ በዚያው አስርት ዓመት መጨረሻ ደግሞ 36። ስለዚህ የደረቱን ኢንች ፈልጉ። ደረትና ትከሻው ልካችሁ ከሆነ ወገቡን በጎን ስፌቶቹ በኩል ማስፋት ይቻላል። ታቹ ሽንሽን ወይም ሙሉ ክብ ከሆነ ዳሌው ጭራሽ አያሳስብም። ትከሻን ማስተካከል ግን ለባለሙያም አድካሚ ነው።

በሥዕሉም አትማረኩ። ፖስታው ላይ የተሣሉት ሴቶች እግራቸው ያለልክ የረዘመ፣ ወገባቸው በእጅ የሚጨበጥ ነው። ፖስታውን ገልብጡት። ከጀርባው ያለችው ትንሽ የመስመር ሥዕል ስፌቱ የት የት እንደሚያልፍ ታሳያለች። እኔ የማምነው እሷን ነው።

ከዚያ ስለ ድግሱ አስቡ። የሐበሻ ሰርግ ከሆነ ትበላላችሁ፣ ትነሳላችሁ፣ እስክስታ ትወርዳላችሁ። በ50ዎቹ እጅጌው ከላይኛው አካል ጋር አንድ ላይ የሚቆረጥ ሞዴል ብዙ ነበር። ብብቱ ሥር ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ካልገባበት ክንድ ሲነሳ ቀሚሱም አብሮ ይነሳል። ለሚጨፍር ሰው ቁራጩ ያለው ወይም ጭራሽ እጅጌ የሌለው ይሻላል።

የጨርቁን ዋጋም ቀድማችሁ አስሉ። በድሮ ፖስታ ላይ ያለው ስሌት ብዙ ጊዜ 35 ወይም 39 ኢንች ስፋት ላለው ጨርቅ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ያለው በአብዛኛው 45 ወይም 60 ኢንች ስለሆነ ያነሰ ሊበቃችሁ ይችላል። አንድ ያርድ 91 ሴንቲሜትር መሆኑን ያዙ።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ጠይቁ። ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ተቆጥረዋል? የአሰፋፍ መመሪያው አለ? መስመርና ጽሑፍ ታትሞባቸዋል ወይስ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው? አንዳንድ የድሮ ፓተርኖች ምንም ነገር አልተጻፈባቸውም፤ ምልክታቸው የተበሳው ቀዳዳ ነው። ለጀማሪ አልመክራቸውም። በትሪክ በ1952 ያወጣውን አንድ ቀሚስ ጨምሮ አንዳንዶቹ በዛሬ ልክ እንደገና ታትመዋል፤ ከእነሱ መጀመር ይቻላል።

ፓተርኑ ቤት ሲገባ መቀስ አታሳርፉበት። ሙቀቱ ዝቅ ባለ ካውያ፣ ያለ እንፋሎት ተኩሱትና በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጡት። ቅጂውን ይዛችሁ መጀመሪያ ላይኛውን አካል በአቡጀዲ ስፉ። ልበሱትና ክንዳችሁን አንሱ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ሰበቅ ሰበቅ አድርጉ። የሚይዛችሁ ቦታ ካለ እዚያው በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ቅጂውን አስተካክሉ። ሳቲኑ ከዚያ በኋላ ይቆረጥ።