ፖከር ላይ «ተሸወድኩ» ከማለትህ በፊት ፋይሉን አውርድ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ከሰዓት ፀሐዩ ሲከር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያኔ ሱቄ ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብሎ ኦንላይን ፖከር የሚጫወት አይጠፋም። «አቦ፣ ይሄ ነገር እየሸወደኝ ነው፣ እስቲ እየው» ብሎ ስልኩን የሚያቀብለኝም ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሸወደው የለም። አልፎ አልፎ ግን አለ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዕድሉን አስላ። ሁለት አስ ይዘህ፣ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ኦል ኢን ብትገባ (ያለህን ሁሉ ብታስይዝ) ከአምስቱ አንዱን ያህል ትሸነፋለህ። ይሄ ሌብነት አይደለም፣ ካርታው ነው። ደግሞ በእጅ እየበወዝን ስንጫወት በሰዓት ሠላሳ ዙር ቢሞላ ነው፤ ስልክ ላይ አንዱ ጠረጴዛ ብቻ ስልሳ ያልፋል። የሚያናድድህ ዙር የበዛው ዙሩ ራሱ ስለበዛ ነው።

ካልረካህ የጨዋታ ታሪክህን አውርድ። ጥሩ የፖከር ድርጅት ሁሉ እያንዳንዱን ዙር በቁጥር ይመዘግባል፤ ከአካውንትህ ውስጥ ታወጣዋለህ ወይም በኢሜይል ትጠይቃለህ። አንድ ምሽት አይበቃም። ከጠረጠርካቸው ሰዎች ጋር የተጫወትካቸውን ጥቂት መቶ ዙሮች ሰብስብና ሁለት ስም ፈልግ፦ ሁሌ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚገናኙ፣ አንተ መሀል ስትገባ አንዱ ሬይዝ (ውርርዱን መጨመር) ሌላው በላዩ ሬይዝ የሚያደርጉ፣ አንተ ፎልድ ስትል (ካርታህን ጥለህ ስትወጣ) ደግሞ ድንገት ሰላም የሚያወርዱ።

ይህን የማውቀው ራሴ ስለሠራሁት ነው። ከሳቢያን ሰፈር የሚመጣ ጓደኛ ነበረኝ። በስልክ እየተነጋገርን፣ የያዝነውን እየተነጋገርን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሆነን ተቀመጥን። ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር። አሁን ሒሳቡን እየው። እጄ ላይ ሁለት ልብ አለ፣ ፍሎፑ ላይ (ለሁሉም መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) ሁለት ልብ ወጣ፤ አምስተኛ ልብ ከመጣልኝ ጠንካራ እጅ ነው። ካላየኋቸው 47 ካርታዎች ውስጥ 9 ልብ ቀርቷል፤ ቀጣዩ ካርታ ልብ የመሆን ዕድሉ 19 በመቶ ነው። ጓደኛዬ «እኔም ሁለት ልብ ይዣለሁ» ሲለኝ ከ45ቱ 7 ብቻ ይቀራል፤ ወደ 16 በመቶ ወረደ። ያ ሁሉ ሹክሹክታ ለሦስት ነጥብ! ድርጅቱ ደግሞ ከየዙሩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፤ ሦስተኛውን ሰው ለማስፈራራት እኔና ጓደኛዬ ከምንከምረው ብር ላይም ይቆርጣል።

በሦስተኛው ሳምንት አካውንታችን ተዘጋ። የኔ ላይ 140 ዶላር ነበር፤ 60ው ከኪሴ ያስገባሁት ነው፣ እሱም አብሮ ቀረ። የላኩልን መልእክት ስድብ የለበትም፣ የዙር ቁጥሮች ብቻ ተደርድረውበታል። አንደኛው ዙር ላይ ሰባትና ሁለት ይዤ፣ ማለትም ፖከር ውስጥ ካሉት የመጨረሻውን መናኛ እጅ ይዤ፣ ሁለት ጊዜ ሬይዝ አድርጌያለሁ። ሦስተኛው ሰው ሸሸ፣ ከዚያ ጓደኛዬ ፎልድ አለ። ካርታዬን ማንም አላየውም ብዬ ነበር። ሰው አያየውም፣ ድርጅቱ ግን የጣልከውንም ካርታ ያውቃል። በርጫ ላይ ካርታው ሲበወዝ ጥፋትህ አብሮ ይበወዛል፤ እዚህ አይበወዝም። ለነገሩ ጓደኛዬ ያን ቀን ዳታ አልቆበት የሱቄን ዋይፋይ ተጠቅሟል፤ ሁለታችንም ከአንድ መስመር ነበርን። እንግዲህ ምን ይባላል።

ከኛ የባሱትም ያመለጡ እንዳይመስልህ። በ2007 እ.ኤ.አ. አብሶሉት ፖከር በሚባል የኦንላይን ፖከር ድረ ገጽ ላይ ፖትሪፐር የሚባል አካውንት የሁሉንም ካርታ እያየ ይጫወት ነበር። በውድድሩ የመጨረሻ ዙር ከፍተኛው ካርታው አሥር ሆኖ፣ ጥንድ እንኳ ሳይኖረው የተጋጣሚውን ኦል ኢን ተቀብሎ አሸነፈ። የተሸነፈው ሰው የጨዋታ ታሪኩን ቢጠይቅ የሁሉም ተጫዋች ካርታ ያለበት ሰንጠረዥ ተላከለት፤ ጉዱ የወጣው ከዚያ ፋይል ነው። አልቲሜትቤት በሚባለው ሌላ የፖከር ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው ሒሳብ ሠርተው እንዲህ ያለ ማሸነፍ በዕድል እንደማይመጣ አሳዩ። ካናዳ ያለው የቁማር ተቆጣጣሪ፣ የካናዋኬ ጨዋታ ኮሚሽን፣ ዋና ተጠያቂ ያደረገው ራስ ሃሚልተንን ነበር፣ የ1994ቱን የዓለም የፖከር ሻምፒዮን። ወደ 22 ሚሊዮን ዶላር ለተጫዋቾች ተመልሷል። ስለዚህ አንተም ፋይልህ ውስጥ ይህን ፈልግ፦ ባዶ እጅ ይዞ የማይሳሳት፣ ሪቨር (የመጨረሻው ካርታ) ላይ ሲሸነፍ ብቻ የሚሸሽ ሰው።

ቴሌግራም ላይ «የሰው ካርታ የሚያሳይ አፕ» ሲሸጥልህ አትግዛ። የሌላው ካርታ ስልክህ ውስጥ የለም፣ ሰርቨሩ የሚልክልህ የራስህን ብቻ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ኢሴት የተባለው የጸረ ቫይረስ ድርጅት ኦድላኖር የሚባል ቫይረስ ይፋ አድርጎ ነበር፤ የፖከር ማስሊያ መስሎ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባና የተጫዋቹን ስክሪን እያነሳ ካርታውን ለሌባው ይልካል። እንዲህ ያለ አፕ ያወረደ ስልክ ከመጣልኝ መጀመሪያ የይለፍ ቃሎቹን ከሌላ ስልክ አስቀይራለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ።

ማስረጃ ካገኘህ ቻት ላይ አትሳደብ፤ ይነቁና በሌላ ስም ይመጣሉ። ዝም ብለህ ተነስ። የዙር ቁጥሮቹን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ሁለቱን ስሞች ጻፍና ለድርጅቱ ላክ። «ሌቦች ናቸው» ከሚል ገጽ ይልቅ አሥር የዙር ቁጥር ይሠራል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ድርጅት ካለ ነው። አሁን አሁን ቺፑን፣ ማለትም መወራረጃውን፣ ከአንድ ሰው በቴሌብር ገዝተህ የምትገባባቸው የግል ክለቦች በዝተዋል። አፑ «ቺፑ የገንዘብ ዋጋ የለውም» ይልሃል፣ ሒሳቡ ያንተና የሻጩ ነው። አቤቱታህም የሚደርሰው ለሻጩ ነው፣ እሱ ደግሞ በሌላ ስም ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የመጣ ፋይል ይዘህ ሱቄ ብትመጣ ሻይ እጋብዝሃለሁ እንጂ የምንልክበት አድራሻ የለኝም።