ስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በሕፃናት የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር የምናክማቸው ስህተቶች ያው የአምናዎቹ ናቸው።

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ይገለልብኛል» ብሎ ሕመሙን ይደብቃል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች የወረደ ልጅ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይነጫነጫል፤ የማያውቅ መምህር ጥጋብ ነው ብሎ ያንበረክከዋል። ለክፍል ኃላፊው፣ ለስፖርት መምህሩና ለርእሰ መምህሩ የሐኪም ማስታወሻ ይዛችሁ በግል ንገሯቸው።

ለሁሉም ማወጅ ደግሞ ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ስሟ ተጠርቶ «ስኳር ስላለባት ከረሜላ እንዳትሰጧት» ተባለ። ለደግነት ነበር! ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ጓደኞቿ እንዳያዩዋት የምሳ ኢንሱሊኗን መዝለል ጀመረች፤ እኛ ዘንድ የደረሰችው ስኳሯ እጅግ ከፍ ብሎ፣ እያስመለሳት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። ትእዛዙም ራሱ አደገኛ ነበር፤ ስኳሯ ሲወርድ ያቺው ከረሜላ መድኃኒቷ ናት። የልጅን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አንሥቶ በወላጆች የቴሌግራም ቡድን መለጠፍም ያው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቦታል። መምህራን፣ እባካችሁ፣ ልጁን በእጁ ከሚረዳው ሰው በቀር ማንም ማወቅ የለበትም።

ስኳሩ የወረደ ልጅ ብቻውን ወደ ቢሮ አይላክ፤ ደረጃ ላይ ይወድቃል። ባለበት ተቀምጦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳትሰጡ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

የግል ትምህርት ቤቶች ለተማሪ የሚገቡት መድን ብዙውን ጊዜ የአደጋ መድን ነው፤ ለተሰበረ እግር እንጂ ለኢንሱሊን አይከፍልም። ውሉን አንብቡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት የልጁ ስም በቤተሰቡ መታወቂያ ላይ መኖሩን አረጋግጡ፤ በየዓመቱ አሳድሱ፤ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ጤና ጣቢያ ሪፈር ሆስፒታል አትሂዱ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ተፈታኞች ከቤት ርቀው ያድራሉ። መርፌውና መለኪያው ፍተሻ ላይ እንዳይያዝበት የሐኪም ደብዳቤ ቀደም ብላችሁ ለትምህርት ቤቱ ስጡ፤ ኢንሱሊኑም በጉዞ ላይ ፀሐይ እንዳይመታው አደራ።