የልምምድ ድካሜን በንፍሮ ፈታሁት

ሐዋሳ ነው የምማረው፤ ማታ ማታ እሮጣለሁ። ብሬ በሻይና በብስኩት እያለቀ፣ ልምምድ ላይ እግሬ ይዝል ነበር።

አሁን ጠዋት ሽምብራና ስንዴ ዘፍዝፌ እወጣለሁ፣ ማታ እቀቅላለሁ። ሽምብራን ብዙ ሰው ይንቀዋል። 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ ግን 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የጎደለውን ደግሞ ስንዴው ይሞላለታል። ቃሪያ እከትፍበታለሁ፣ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። ሻይ ተቃራኒውን ስለሚያደርግ ከምግብ ሰዓት አርቄዋለሁ። ፍሪጅ የለኝም፣ ስለዚህ የአንድ ቀን ብቻ ነው የምቀቅለው።

ከሩጫ በፊት በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። አቮካዶ ሲረክስ ከዳቦ ጋር። ብር ከተረፈኝ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄጄ ዓሣ እበላለሁ።

ወር ሆነኝ። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ሳልቆም እጨርሳለሁ።