እናቲቱን የዘነጋ ጥናት፦ ስለ ድብርት መድኃኒት፣ ስለ እናት አመጋገብና ስለ ልጅ ጡንቻ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ፍሉኦክሰቲንን የመሰሉ የድብርት መድኃኒቶች ለጨቅላ አይጦች ሲሰጡ፣ እናቶቻቸውም በእርግዝናና በማጥባት ወቅት ፕሮቲኑ ያነሰ መኖ ሲመገቡ፣ የልጆቹ ጡንቻ ምን እንደሚሆን በቤተ ሙከራ ሲመረመር ቆይቷል፤ በብራዚል ሬሲፌ ከተማ የሚገኘው የፐርናምቡኮ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በዚህ መስክ ሠርተዋል። ጥያቄው ትልቅ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች መጠኑን የሚጨምሩት ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በአዋቂ አካል ስሜትንና የምግብ ፍላጎትን ከመቆጣጠር ባሻገር፣ በማደግ ላይ ባለ አካል የነርቭ ሴሎችን እድገት ይመራል፤ ጡንቻም ያለ ነርቭ በአግባቡ አያድግም። የወጣት ተመራማሪዎችን ረቂቅ ስገመግም የማገኛቸው ስህተቶች ግን አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ ጸሐፊው እናቲቱን ይዘነጋል።

ከሁሉ የከፋው የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ እንደማይዛመዱ ባዕዳን መቁጠር ነው። በአንድ ቡድን 4 እናቶች ቢኖሩና እያንዳንዷ 8 ልጆች ብታጠባ፣ ረቂቁ የናሙናው መጠን 32 ነው ይላል። አይደለም፤ 4 ነው። መኖውን የተመገበችው እናት ናት፣ ሙከራውም የተካሄደው በእናት ላይ ነው። ልጆቹ አንድ ማኅፀን፣ አንድ ወተት፣ አንድ ጎጆና የአንዲት እናት እንክብካቤ ስለተጋሩ የጡንቻቸው ክብደትም ይመሳሰላል። ይህን መመሳሰል ችላ ያለ ስሌት በአጋጣሚ የተገኘን ልዩነት እንደ እውነተኛ ውጤት ያወጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ ሊቀርብ ሲል ስሌቱ በእናት ተደርጎ እንዲታይ ጠይቄ፣ አንድ ምዕራፍ ሙሉ የተጻፈለት ልዩነት ሲጠፋ አይቻለሁ፤ የተማሪው ድካም አሳዝኖኛል፤ ያንን ልዩነት ታትሞ ማየት ግን ይበልጥ ያሳዝነኝ ነበር። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዷ እናት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ይወሰድ፤ ብዙ ልጆች ከተወሰዱም የትኛው ልጅ የየትኛዋ እናት እንደሆነ በስታቲስቲክሱ ሞዴል ውስጥ ይግባ። መድኃኒቱ ለልጆቹ በቀጥታ የሚሰጥ ከሆነ፣ የአንዲት እናት ልጆች ተከፍለው ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ የጨው ውኃ ብቻ ቢወጉ ንጽጽሩ በአንድ ጎጆ ውስጥ ስለሚሆን ይጠነክራል። በመርፌ ያልተነካ ቡድን ለመድኃኒት ማነጻጸሪያ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ስህተት መኖውን በወረቀት ላይ ባለው ስሌት ማመን ነው። በእነዚህ ጥናቶች ፕሮቲኑ ያነሰው መኖ ብዙውን ጊዜ 8 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ፣ ማነጻጸሪያው ከ17 እስከ 20 በመቶ ይይዛል፤ የጎደለው ፕሮቲን በካርቦሃይድሬት ስለሚተካ ሁለቱ መኖዎች እኩል ካሎሪ አላቸው ይባላል። ይሁን እንጂ ፕሮቲን የጎደላት የምታጠባ አይጥ የምትበላው ይቀንሳል፣ ወተቷም ያንሳል፤ ስለዚህ ልጆቿ የሚያጡት ፕሮቲንን ብቻ ሳይሆን ኃይልንም ጭምር ነው። እናቲቱ በየቀኑ የበላችው ካልተመዘነ ስለ ፕሮቲን የሚጻፈው መደምደሚያ መሠረት የለውም። ይህን የአይጥ መኖ ከእኛ የጾም ምግብ ጋር የሚያመሳስሉም አጋጥመውኛል፤ ሽሮም ምስርም የጥራጥሬ ፕሮቲን ያላቸው ምግቦች ስለሆኑ ንጽጽሩ አይሠራም።

የሰውነትን ክብደት ሳያዩ ስለ ጡንቻ ክብደት መጻፍም የተለመደ ነው። የሴሮቶኒን መጠን ሲጨምር የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ መድኃኒቱ የተሰጣቸው ጨቅላዎች ክብደት የሚጨምሩት በዝግታ ነው። ትንሽ አይጥ ትንሽ ጡንቻ ቢኖራት ምን ይገርማል? ጥያቄው ጡንቻው ከሰውነቱ ይልቅ ተጎድቷል ወይ የሚለው ነው፤ ለዚህም የሰውነት ክብደትና የቅልጥም አጥንት ርዝመት አብረው ይቅረቡ።

ስለ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት ደግሞ በቀላሉ የማይታይ ነው። የአይጥ እርግዝና 3 ሳምንት ገደማ ነው፤ ማጥባቱም እንዲሁ። የጡንቻ ክሮች ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው በመወለጃ ጊዜ አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ይበልጡን የክሮቹ ውፍረትና ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ክር ከብዙ ነርቮች ተላቆ ከአንድ ነርቭ ጋር የሚቀረውም ከልደት በኋላ ባሉት 2 ወይም 3 ሳምንታት ነው። ስለዚህ በማጥባት ወቅት የተሰጠ መድኃኒት የክሮቹን ቁጥር ቀነሰ የሚል ጽሑፍ ጠንካራ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ሶሊየስ የተባለው የባት ጡንቻ በዝግታ የሚኮማተሩ ክሮች ስለሚበዙበት፣ የእግር ጣቶችን የሚዘረጋው ጡንቻ ደግሞ ፈጣኖቹ ስለሚበዙበት ሁለቱንም መመርመር ተገቢ ነው፤ በአንዱ የታየው በሌላው ላይታይ ይችላል።

ለማይክሮስኮፕ ምርመራ የሚቀዘቅዘውን የጡንቻ ናሙናም በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አትክተቱ፤ በናይትሮጅን በቀዘቀዘ አይሶፔንቴን በተባለ ፈሳሽ ካልሆነ የበረዶ ቅንጣት ክሮቹን ይበሳሳቸዋል።

በመጨረሻ የማነሳው ስህተት ከቤተ ሙከራ የሚወጣ በመሆኑ ይበልጥ ያስጨንቀኛል። ጸሐፊው በውይይት ክፍሉ ከአይጥ ወደ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሻገርና ነፍሰ ጡሮች መድኃኒቱን እንዲተዉ ይመክራል። በብዙዎቹ ጥናቶች ለጨቅላ አይጥ የሚሰጠው 10 ሚሊግራም በኪሎ ነው፤ 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቀን 20 ሚሊግራም ስትወስድ ደግሞ በኪሎ የሚደርሳት ከግማሽ ሚሊግራም ያነሰ ነው። አይጥ መድኃኒትን ከሰው በፍጥነት ስለምታስወግድ ቁጥሮቹ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ እኩል ናቸው ብሎ ዝም ማለት ግን አይቻልም። በእርግዝና መጨረሻ መድኃኒቱ የደረሳቸው አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ የሚታይባቸውን የሰውነት መላላትም ከጡንቻ እድገት ጉድለት ጋር ማምታታት አይገባም፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልፍ የመላመድ ምልክት ነው። ያልታከመ ድብርት ራሱ የእናትን ምግብና እንቅልፍ እንደሚጎዳ፣ መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥም ሕመሙን ሊመልስ እንደሚችል ማንም የሥነ አእምሮ ሐኪም ያውቃል። በእርግዝና ጊዜ መቀጠል፣ መቀነስ ወይም መለወጥ የሚወሰነው እናቲቱን ከሚከታተላት ሐኪም ጋር ነው፤ የአይጥ ጥናት ውይይት ክፍልም ይህን ውሳኔ ለእነርሱ ትቶ፣ የትኛው ጡንቻ በስንተኛው ቀን፣ በምን መጠንና በየትኛው መኖ እንደተለወጠ በትክክል ይጻፍ።