ድምፃችሁን ለማን ትሰጣላችሁ?

እኛ አገር ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም። ወረቀቱ ላይ የምታገኙት በምርጫ ክልላችሁ የሚወዳደሩትን ሰዎች ነው። ከ547ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች አንዱ የእናንተ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ብዙ ሰው ግን የፓርቲውን መሪ በቴሌቪዥን አይቶ ይወስንና የዕጩውን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበው ድምፅ መስጫው ውስጥ ገብቶ ነው። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ እናንተ እጁን የሚያወጣው እኮ እሱ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ። ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ ሁለት ወረቀት ነው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ደግሞ ለከተማው ምክር ቤት። ውሃ ሲጠፋ፣ የሰፈር መንገድ ሲበላሽ፣ የይዞታ ካርታ ሲጓተት፣ ጉዳዩ በአብዛኛው የሁለተኛው ወረቀት ነው። የፌዴራል በጀት፣ የፌዴራል ግብር ሕግ፣ የጦርነትና የሰላም ውሳኔ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ለፓርላማ የሚወዳደር ሰው «ኮብልስቶን አስነጥፍላችኋለሁ» ካለ ተጠንቀቁ፤ የሚገባበትን ሥራ አላወቀውም። ሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ ፓርቲ መምረጥም ግዴታ አይደለም።

ከዚያ ሰውየውን ወይም ሴትየዋን እወቁ። ድሮም ወንበሩ ላይ የነበረ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ይሰበሰባል፣ ክረምት ላይ ይዘጋል። ታዲያ በክረምቱ መጥቶ ሕዝቡን አነጋግሯል? ሰኔ ላይ በጀት ሲጸድቅ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቋል? ስብሰባው በቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ቪዲዮው ብዙ ጊዜ ይገኛል። አዲስ ዕጩ ከሆነ አብረውት የሠሩትን፣ ጎረቤቶቹን ጠይቁ። ገንዘብ ተሰጥቶት ያውቃል? እድር ወይም የትምህርት ቤት ኮሚቴ መርቶ ከሆነ ሒሳቡን እንዴት እንዳስረከበ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይሄንን አምናለሁ።

ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። «ወጣቱን ተጠቃሚ እናደርጋለን» ሲል አጨብጭባችሁ አትውጡ። እጃችሁን አውጡና «በየትኛው ሕግ? በስንት ብር? ከየት መጥቶ?» በሉት። ጥሩ ዕጩ «ይሄኛው በእኔ ሥልጣን አይደለም፣ ያኛውን ግን በዚህ መንገድ እሞክራለሁ» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ካገኛችሁ ስሙን ጻፉ። ሌላው ዙሪያውን ዞሮ ስለ ጠላት ማውራት ይጀምራል።

«የእኛ ልጅ ነው» የሚለውስ? አካባቢውን ማወቁ ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ዘር ወይም ሃይማኖት ብቻውን በጀት አይመረምርም። ቴሌግራም ላይ የሚዞር «እንዲህ አለ» የሚል ፎቶም ሙሉ ንግግሩ ካልተገኘ ከግምት አይግባ። ስጦታና ብር ይዞ የሚመጣውንማ ከዝርዝራችሁ ሰርዙት።

«የግል ዕጩ ስለማያሸንፍ ድምፄን አላባክንም» የሚል ሰው ብዙ ነው። በእኛ ሥርዓት ከሌሎቹ ብልጫ ያገኘ ያሸንፋል፣ ከግማሽ በላይ አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ ማን ዕድል እንዳለው ማሰብ ነውር የለውም። ግን በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545 መቀመጫ ሲወስዱ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ያሸነፈው የግል ዕጩ ነበር። ሁለተኛውን የያዙት መድረክ የሚባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ስብስብ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ ምክር ቤት ውስጥ ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆነው ሲጠይቁና ሲከራከሩ አይተናል። አንድ ወንበርም ድምፅ አለው።

ከምርጫው በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ቅስቀሳ ይቆማል፤ የጥሞና ጊዜ ይባላል። ሁለት ሦስት ስም አስቀርታችሁ በእነዚህ ቀናት ወስኑ። የዕጩውን ስምና ምልክቱን አብራችሁ ያዙ፣ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ስላሉ እንዳትሳሳቱ። ካርዳችሁን አትርሱ። ማንን እንደመረጣችሁ ለባል፣ ለሚስት፣ ለቀበሌ ሹምም ቢሆን የመናገር ግዴታ የለባችሁም።